ገላጋይ ያጣ ጠብ፦ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ሥሮቹና ስለሚጠብቋቸው ኢንዛይሞች

(በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤይሩት፣ ናባዓ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ)

በሳምንት አንዴ በምታገኙት ዕረፍት ገበያውን፣ ፀጉር ቤቱንና ለአገር ቤት መደወሉን ገታ አድርጋችሁ ስለ ጨጓራ ልትሰሙ መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ወደዚህ ስመጣ ከራሴ በላይ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈውን የናባዓን የኤሌክትሪክ ሽቦ እያየሁ፣ ከአንዱ መስኮት የቁሌት ሽታ፣ ከሌላው የቡና ጢስ ተቀብሎኛል። የጋበዙኝ እኅቶች ርእሱን ሲመርጡ ብዙ አላሰቡም። «እዚህ ጨጓራ የማያመው የለም፤ ስለሱ ንገረን» ነው ያሉኝ።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ጨጓራ የሚቆስለው አሲድ ስለበዛበት ብቻ አይደለም። ግድግዳውን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተቆጥተው ሥራቸውን ሲያቆሙም ይቆስላል። እነዚህን የደም ሥሮች ከቁጣው የሚያስጥሉ ገላጋዮች በገዛ ሰውነታችን ውስጥ አሉ፤ አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞች ይባላሉ። መጀመሪያ ስለ ግድግዳው እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ስለ ቁጣው፣ ከዚያ ስለ ገላጋዮቹ፣ በመጨረሻም ሳናውቀው እነሱን ስለምናደክምባቸው መንገዶች። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በምንኖርበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እንግዲህ ከግድግዳው ልጀምር። አንድ ሰው ሲያበሳጨን «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ይህን አባባል ያወጣው ሰው ጨጓራ የሚላጥ ነገር እንዳለው እንዴት እንዳወቀ እንጃ እንጂ፣ ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። የጨጓራ ውስጠኛው ሽፋን በእርግጥ ይላጣል፤ በየጥቂት ቀኑም ራሱን ያድሳል። በ1822 በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት በድንገት በጥይት ተመትቶ ሆዱ ላይ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ተረፈው። ዊልያም ቦሞንት የተባለው የጦር ሐኪም በዚያ ቀዳዳ ለዓመታት ወደ ሕያው ጨጓራ ውስጥ ተመለከተ፤ ያየውንም በ1833 በመጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ትኩሳት ሲይዘው፣ ሲፈራ ወይም ሲናደድ የጨጓራው ሽፋን አንዳንዴ ቀልቶና ደርቆ፣ አንዳንዴ ገርጥቶና ረጥቦ እንደሚታይ ጽፏል። መቅላትና መገርጣት የደም ጉዳይ ነው። ቦሞንት ያየው የደም ሥሮቹን ሁኔታ ነበር።

ጨጓራችን በቀን 2 ሊትር ገደማ ጭማቂ ያመነጫል፤ በውስጡም ሥጋን የሚፈታ ብርቱ አሲድ አለ። ራሱም ሥጋ ሆኖ ሳለ ራሱን የማይፈጨው ለምንድን ነው? ላዩ ላይ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ንፍጥ ተለስኖበታል፤ ከንፍጡ ሥር አሲዱን የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለ። ከዚያ ሥር የሴሎች ረድፍ፣ ከሴሎቹም ሥር ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች መረብ አለ። ከላይ ያለውን ሁሉ የሚያቆመው ይህ የታችኛው መረብ ነው። ባይካርቦኔቱን የሚያመላልሰው፣ ለሚታደሱት ሴሎች ኦክስጅንና ምግብ የሚያቀርበው፣ ሾልኮ የገባውንም አሲድ አጥቦ የሚወስደው ደሙ ነው።

ሐኪሞች በዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ የጨጓራ ቁስል ምንጩ የደም ዝውውር መታወክ ነው ብሎ ነበር። በ1910 ደግሞ ካርል ሽዋርትዝ አሲድ በሌለበት ቁስል የለም አለ፤ የእሱ ቃል አሸንፎ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሁሉም ዐይን አሲዱ ላይ ቀረ። ሁለቱም እውነት ይዘው ነበር። አሲድ ያቃጥላል፤ ዳሩ ግን ደሙ እስከፈሰሰ ድረስ የተቃጠለው ቶሎ ይጠገናል። ደሙ ሲቆም ነው ጭረቱ ጉድጓድ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ሁላችሁም የምትጠይቁትን ጥያቄ ላንሳ፤ በርበሬስ? በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ ሾልኮ ሲገባ የሚያውቁ ነርቮች አሉ። አሲዱን ሲቀምሱ የደም ሥሮቹን አስፍተው ደም ይጠራሉ። በበርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ እነዚህኑ ነርቮች ይነካል። በ1995 ከሲንጋፖር በታተመ ጥናት 18 ጤነኛ ፈቃደኞች አስፕሪን ከመዋጣቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው 20 ግራም በርበሬ በውሃ ጠጡ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ውሃ ብቻ ጠጥተው ያንኑ አስፕሪን ዋጡ። በመሣሪያ ሲታይ በርበሬ የጠጡ ጊዜ የጨጓራቸው ጉዳት ቀለል ብሎ ተገኘ። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ወጥ በቀላ ቁጥር «ጨጓራችሁን!» እያለች ትቆጣን ነበር። ቁስል ያለበት ሰው በርበሬ ሲበላ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ እስኪድን ቢተወው ደግ ነው። ቁስሉን የከፈተው ግን በርበሬው አይደለም። ስንወቅሰው ኖረን ሌላውን ጥፋተኛ ሳናይ ቀርተናል።

ሌላው ጥፋተኛ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ቁጣው ይወስደናል። በአማርኛ ቁስል ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲግል «ተቆጣ» እንላለን። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የእናቶቻችንን ቃል እመርጣለሁ፤ በእርግጥ የሚቆጣ አለና። የሚቆጡት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉት። በሰላም ጊዜ በደም ሥር ውስጥ ከደሙ ጋር እየተንከባለሉ ያልፋሉ። ባክቴሪያ ሲገባ ወይም ሴል ሲጎዳ ግን የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ይሻክርና እነሱን መያዝ ይጀምራል። ተጣብቀው ይቆማሉ፤ ግድግዳውን ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ ያገኙትንም መደብደብ ይጀምራሉ።

መሣሪያቸው ኦክስጅን ነው። የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ወስደው አንድ ኤሌክትሮን ይጨምሩበትና ሱፐርኦክሳይድ ያደርጉታል። ይህ እንደ ፍንጣሪ ነው፤ ከነካው ሁሉ ጋር የሚጣላ ጠብ ያለሽ በዳቦ። ከሱፐርኦክሳይድ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወለዳል። ኒውትሮፊሎቹ ይህንን በሰውነታችን ካለው የጨው ክሎራይድ ጋር አዋህደው የበረኪና የቅርብ ዘመድ የሆነ አሲድ ይሠራሉ። አዎ፣ ሽንት ቤት የምታጥቡበት በረኪና! ባክቴሪያ በመግደል በኩል ብልህ ዘዴ ነው። ችግሩ በረኪና ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ እድፉን ሲያስለቅቅ ጨርቁንም ይበላዋል።

በዚህ ጠብ መጀመሪያ የሚጎዳው የደም ሥሩ ነው፤ ጠበኞቹ የቆሙት እዚያ ላይ ነዋ። ጉዳቱም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛ፣ ሽፋኑ ይበሳሳና ፈሳሽ ያዣል፤ ዙሪያው ያብጣል፤ የተጣበቁት ሴሎችም መንገዱን ይዘጉታል። ሁለተኛ፣ የደም ሥሩ ራሱን ዘና አድርጎ ለማስፋት የሚያመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። የዚህን ጋዝ ሥራ ያሳዩት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሱፐርኦክሳይድ ይህን ጋዝ እየያዘ ያጠፋዋል፤ ከዚያም አልፎ ፐርኦክሲናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጠዋል። ስለዚህ የደም ሥሩ ይጠባል፤ ከላይ ያለው ሴል ይራባል፤ አሲዱም የሚያጥበው ያጣል። ቪርሾና ሽዋርትዝ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገላጋዮቹ ልለፍ። በ1938 ማንና ኬይሊን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ከበሬ ደም ውስጥ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ፕሮቲን አጣርተው አወጡ። ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ መዳብ ማስቀመጫ ይሆናል ተብሎ ለ31 ዓመት ተቀመጠ። በ1969 በአሜሪካ ዲዩክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድ የሚባል ተማሪ ከመምህሩ ከኧርዊን ፍሪዶቪች ጋር ሥራውን አገኘለት፤ ሱፐርኦክሳይድን ማብረድ። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ብለው ሰየሙት። አንዱ ዓይነት መዳብና ዚንክ ይዞ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው ማንጋኒዝ ይዞ የሴሉ ማንደጃ በሆነው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይቀመጣል። ኦክስጅን ተንፍሶ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ለካ እሳትና እሳት አጥፊ በአንድ ቤት ይዞ ይኖራል።

ይህ ገላጋይ ግን ብቻውን ጠቡን አይጨርስም። ሱፐርኦክሳይድን የሚለውጠው ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ያ ደግሞ ብረት ካገኘ ከሁሉ የከፋውን ፍንጣሪ፣ ሃይድሮክሲልን፣ ይወልዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ገላጋይ ያስፈልጋል፤ እሱም ካታሌዝ ነው። ካታሌዝን ሳታውቁት አይታችሁታል። ጣታችሁን ቢላ ቆርጧችሁ ከፋርማሲ የተገዛ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ስታፈሱበት ነጭ አረፋ ይነሣል አይደል? ያ አረፋ ኦክስጅን ነው፤ ከደማችሁና ከሴሎቻችሁ የወጣው ካታሌዝ መርዙን ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲበትነው የሚታይ። አንዲት የካታሌዝ ቅንጣት በሴኮንድ ሚሊዮኖችን ትበትናለች። ሦስተኛው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ነው፤ ካታሌዝ የማይደርስባቸውን ጥቂት ጥቂቶቹን እየለቀመ ያጠፋል፤ የተጎዳውን የሴል ቅባትም ያክማል። ሥራው የሚሆነው ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ሲኖረው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አራተኛውን ደግሞ ቆዳችሁ ላይ አይታችሁታል። ሰው ተመትቶ የበለዘ ቦታ በጊዜ ብዛት ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል። የፈሰሰውን የደም ቀለም መፍታት የሚጀምረው ሄም ኦክሲጅኔዝ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ቢሊሩቢንም ራሱ ፍንጣሪ አብራጅ ነው። ይህ ኢንዛይም ጠብ በበረታ ቁጥር ይበዛል፤ የደም ሥሩ ከመጀመሪያው ድብደባ ተምሮ ለሁለተኛው ይዘጋጃል ማለት ነው።

እነዚህ ኢንዛይሞች የጨጓራን ደም ሥር በእርግጥ እንደሚጠብቁ በምን ታወቀ? ከብዙዎቹ ጥናቶች አንዱን ብቻ ላንሳ። በ1985 ኢቶህና ጉዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን አደሙ፤ ቆይተውም ደሙን መለሱላቸው። ደም ሲያጣ የቆየ ጨጓራ ደሙ ሲመለስለት ይድናል ብሎ ማሰብ የተገባ ነበር፤ ጨጓራው ግን ደማ፣ ቆሰለ። ኦክስጅን በድንገት ሲመለስ ፍንጣሪው ይዘንባል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ በደም ሥር የተሰጣቸው አይጦች ግን ጉዳታቸው በጣም ያነሰ ነበር። «በደም ሥር» ያልሁትን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስን፤ ገላጋዮቹን ስለምናደክምባቸው መንገዶች። ሦስት ነገር ላይ ልቆም ነው፤ ባክቴሪያው፣ እንክብሉና ማሰሮው።

ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። በዓለም ላይ ከሰው ግማሽ ያህሉ ተሸክሞታል፤ በአገራችንም እጅግ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የያዘን ነን። በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ አሳደጉት። የሚያምናቸው ቢያጡ በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የሚገርመው የዚህ ባክቴሪያ ብልጠት ነው። እሱ ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ካታሌዝ አለው! ኒውትሮፊሎቻችን በረኪናቸውን ሲረጩበት የራሱን ገላጋዮች አሰልፎ ይድናል፤ የሚጎዳው በመካከል ያለው የእኛ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጠቡ አሥርና ሃያ ዓመት ሳያልቅ ይኖራል። ተልባና አብሽ ሽፋኑን ያለሰልሳሉ፤ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አያስወጡትም። እሱን የሚያስወጣው ሐኪም የሚያዝዘው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒት ከአሲድ መቀነሻ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። በአምስተኛው ቀን ተሽሎኛል ብሎ ማቆም ጠላትን አስተምሮ መልቀቅ ነው። ምርመራውም በሰገራ ወይም በትንፋሽ ቢሆን ይመረጣል፤ የደም ምርመራ ከዳናችሁም በኋላ «አለ» ሊል ይችላል።

ሁለተኛው እንክብሉ ነው። ወገብ ያመናል፣ ራስ ያመናል፣ ጥርስ ያመናል፤ ቤቱን ግን ማጽዳት ግድ ነው። ስለዚህ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪን በቦርሳ ይያዛል፤ ጠዋት ባዶ ሆድ ይዋጣል። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ እንደሚከለክሉ አሳየ። ፕሮስታግላንዲን ሕመም ያመጣል፤ በጨጓራ ውስጥ ግን ንፍጡን የሚያበዛው፣ ደሙን የሚያስኬደው፣ ኒውትሮፊሎችንም «እለፉ፣ አትቁሙ» የሚላቸው እሱ ነው። በ1990 ጆን ዋላስና ኒል ግሬንጀር ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ኒውትሮፊሎቻቸው በተቀነሱባቸው አይጦች ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ያደርሱ የነበረው የጨጓራ ቁስል እጅግ ቀንሶ ተገኘ። እንክብሉ ጨጓራን የሚያቆስለው በደም ሥሩ ላይ ጠብ በማስነሣትም ጭምር ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚከተለውን አስቡት፤ በምግብ ላይ መዋጥ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በደም ዞሮ ስለሚመጣ መርፌውም ቢሆን ጨጓራን ያቆስላል። ባክቴሪያውና እንክብሉ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው ይደራረባል። ለቀላል ሕመም ፓናዶል፣ ማለትም ፓራሲታሞል፣ ለጨጓራ ይሻላል። እሱም ግን ልክ አለው፤ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ይኸውም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 እንክብል አይለፍ። ከዚያ ሲያልፍ በጉበት ውስጥ ያለውን ግሉታታዮን ይጨርሰዋል፤ ሦስተኛው ገላጋይ የሚጠቀምበትን ስንቅ ማለት ነው። ሺሻና ሲጋራንም እዚሁ ልጨምር፤ የትምባሆ ጢስ የጨጓራ ቁስል እንዳይድን ያዘገያል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ወይም ደም ካለበት፣ ያ የሚደማ የደም ሥር ነው። አሠሪያችሁ ማዳሟ እስክትመጣ፣ እሑድ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ሦስተኛው ማሰሮው፣ ማለትም ምግባችን ነው። ገላጋዮቹን ከሱቅ መግዛት አይቻልም ወይ? «አንቲኦክሲዳንት» ተብሎ የተጻፈበት ብልቃጥ በየፋርማሲው አለ፤ ኢንዛይሙን ራሱን በእንክብል የሚሸጡም አሉ። ያዙልኝ ያልኋችሁ ቃል አሁን ይጠቅመናል፤ አይጦቹ ኢንዛይሙን የወሰዱት በደም ሥር ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ ጨጓራ እንደ ጥብስ ይፈጨዋል። ገላጋዮቻችንን ሰውነታችን ራሱ ነው የሚሠራቸው፤ ከእኛ የሚፈልገው ማዕድኑን ነው፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ሴሊኒየም።

ማዕድን ደግሞ የአፈር ጉዳይ ነው። በ2020 የታተመ ጥናት የሴሊኒየም ማነስ በኢትዮጵያ የተስፋፋና ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑን አሳየ። በ2021 ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳውድ ጋሹ ከኢትዮጵያ፣ ከማላዊና ከእንግሊዝ ባልደረቦቹ ጋር «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዳሳተመው፣ የእህላችን የማዕድን ይዘት እንደበቀለበት ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ሁለት የአማራ ክልል እናቶች አንድ ዓይነት ጤፍ፣ አንድ ዓይነት እንጀራ ጋግረው የልጆቻቸው ሴሊኒየም ላይስተካከል ይችላል፤ ልዩነቱ ከእርሻው ሥር ነው። ይህን ያነሣሁት የሴሊኒየም እንክብል እንድትገዙ አይደለም፤ ሲበዛ እሱም መርዝ ነው። እዚህ ቤይሩት ያለ ሰው ዕንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ሽንብራና አትክልት ቀላቅሎ ቢበላ ገላጋዮቹ ስንቃቸውን ያገኛሉ። የሚያሳስበኝ ቀኑን ሙሉ ሌላውን ስታበሉ ውላችሁ የራሳችሁ ቁርስ ሻይ ብቻ የሚሆንበት ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ ወሰድሁባችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ የኢንዛይሞቹን ስም ብትረሱ አልቀየምም። ከጨጓራ ሕመም ጀርባ የተቆጣ የደም ሥር እንዳለ ካስታወሳችሁ ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንክብል ከቦርሳ ስታወጡ «ይህ ጠብ ያስነሣል ወይስ ይገላግላል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እኔ የመጣሁት ለዚያች ጥያቄ ነው። ከወዲያ በኩል ሲቆላ የሰማሁት ቡና የደረሰ ይመስለኛል። እንጠጣለን፤ ዳቦው ግን ይቅደም።